አባቴ ያባረሯቸው ሽማግሌዎች

አባቴ ደብረ ወርቅ አጠገብ በምትገኝ የገጠር ደብር የሚቀድሱ ቄስ ነበሩ። እንጨት ሲፈልጡ ምሳሩ ቅልጥማቸውን ካገኘው ወዲህ ግን መቅደስ መግባት ቀረ፤ የሚደማ ቁስል ያለው ቄስ አይቀድስምና። ቁስሉ ድኖ ለሆሳዕና ቅዳሴ እንኳ እንዲደርሱ ነበር ምኞታቸው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ እማር ነበር። ጾሙ ሲገባ ለእረፍት ብመጣ ቁስሉ እንደ ድሮው ነው። የጤና ጣቢያው ባለሙያ አጥቦና አሽጎ «እንዳይነካ» ብሎ ነበር። አባቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ፋሻውን ፈትተው፣ መድረቁን ለማረጋገጥ ቅርፊቱን በጨርቅ ይፈትጉታል። ይደማል። እሑድ እንደገና ደጅ ይቆማሉ።

«አባ፣ ምነው ቢተዉት?»

«በግምት ታቦት ፊት ልቁም?»

ደሜ ፈላ። ከቄስ አባት ጋር መከራከር ነውር ነው፤ ቢሆንም ወደ ኋላ ላልል ቆረጥኩ። በዚያው ሰሞን የተማርኩትን ነገርኳቸው። ሰውነት ሲቆስል ግሮውዝ ፋክተር የሚባል የጥገና መልእክተኛ ይላካል። ብዙውን ጊዜ ግን ብቻውን አይሆንለትም። በሕዋሱ ገጽ ላይ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለት ያንጠለጠለ ፕሮቲን አለ፤ ፕሮቲዮግላይካን ይሉታል። መልእክተኛውን በሰንሰለቱ ይዞ ለተቀባዩ የሚያቀርበው እሱ ነው። ሕዋሱም ያኔ ይባዛል።

ፊታቸውን ሳየው አልገባቸውም።

«አባ፣ ልጅ ሊያጭ ብቻውን የሚመጣ አለ?»

«ሽማግሌ ይልካል እንጂ!»

«እነዚህ ፕሮቲኖችም ሽማግሌዎች ናቸው። አዲሱን ሥጋ ሲፍቁት አብረው ይጠረጋሉ።»

«ታዲያ ደጄ የቆመ ሽማግሌ በዱላ ሳባርር ነው የከረምኩት በይኛ!» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ፋሻውን ከባለሙያው በቀር ማንም እንዳይፈታው ቃል አስገባኋቸው። ቃላቸውንም ስላላመንኩ ያን ጨርቅ ይዤው ሄድኩ። ከደብረ ማርቆስም ቅዳሜ ቅዳሜ እደውላለሁ።

«ፈቱት?»

«አልፈታሁም። ግን ያሳክከኛል ልጄ።»

«ያሳክክ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ስልኩን ስዘጋ አፈርኩ፤ በሳምንቱ ግን ደገምኩት።

ለሆሳዕና አገር ቤት ገባሁ። ባለሙያው ቁስሉ መዘጋቱን አይቶ ፋሻውን አንሥቶላቸው ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስደርስ አባቴ ደጅ አልነበሩም። ድምፃቸውን ከመቅደስ ሰማሁት።

ቅዳሴው ሲያልቅ ዘንባባ እያደሉ ወጡ። ተራዬ ደርሶ መስቀል ስሳለም ጎንበስ ብለው፣ «ሽማግሌዎችሽ እሺ ተብለዋል» አሉኝ።

ዘንባባዬን ይዤ አለቀስኩ።