ደቻቱ ላይ የደፋነው

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሜሮን ከትምህርት ቤቷ የጽዳት ዘመቻ ስትመለስ ፊቷ በላብና በአቧራ ተለውሶ፣ የጎማ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ነው ቤት የገባችው። እኔ እንደ ልማዴ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ መንደሪን እልጣለሁ። "እማማ፣ ታይዋን ገበያን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጸዳነው!" ብላ ስልኳን ዐይኔ ሥር ደቀነችው። በፎቶው ላይ ሃያ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ጢም ብሎ የሞላ ማዳበሪያ ከበው ይስቃሉ።

"ጎበዞች! የት ደፋችሁት ታዲያ?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ቆሻሻውን ነዋ።"

"እ… ደቻቱ ዳር። የቆሻሻ መኪናው ስለቀረብን ነው። ችግር የለውም እማማ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወስደዋል።"

መንደሪኑን አስቀመጥኩት። ይህች "ጎርፍ ይወስደዋል" የምትባል ነገር ለድሬ ሰው አዲስ አይደለችም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማት ኖሬአለሁ፤ ከባለሱቁም፣ ከጎረቤቴም፣ ከተማረውም ካልተማረውም። በተማሪ አፍ፣ ያውም በገዛ በረንዳዬ ላይ ስትባል ግን ሌላ ሆነችብኝ። በሜሮን ዕድሜ ሳለሁ እኔም በኩራት ብያታለሁና። የተናገርኩበትን ቀን ልርሳው ብዬ ብዙ ታግያለሁ፤ እሺ አላለኝም።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበርን፤ በክፍሉ ውስጥ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ስለሆንን ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። መሐል ላይ እኔ ጥሩነሽ ነኝ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ነጭ ካልሲ የማይለየኝ፣ ጽሕፈቴ የተመሰገነልኝ። በቀኜ ዘይነባ ትቀመጣለች። የዘይነባ ቀሚስ ጫፉ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር፤ የእጇ መዳፍ እንደ አናጢ እጅ ይሻክራል። ጠዋት ጠዋት ከእናቷ ጋር ውሃ ቀድታ ነው ወደ ትምህርት ቤት የምትመጣው። እናቷ አዴ ፋጡማ ትምህርቱን የፈቀዱላት ደወል ከመደወሉ በፊት የቤቱን ውሃ እንድትጨርስ ተስማምተው ነው። ዘይነባ ደግሞ የሐኪም ቤት ድሬሰር ካልሆንኩ ትላለች። በሒሳብ ማናችንንም ትበልጣለች፤ ይህን ዛሬ ስጽፈው አይከብደኝም፣ ያኔ ግን ከንፈሬን ያስነክሰኝ ነበር።

ደቻቱን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን የዓመት ክፍል ውሃ አይታይበትም፤ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ሰፊ አሸዋ ነው። ግመል ይሻገርበታል፣ ልጆች የጨርቅ ኳስ ይጫወቱበታል። ደንገጎ ተራራ ላይ ሲዘንብ ግን ከተማው ውስጥ ፀሐይ እየከረረ ሳለ ድንገት ጎርፍ ይወርድበታል። ስለዚህ ሁሉም ቆሻሻውን እዚያ ይደፋና ጎርፉን ይጠብቃል። ከአሸዋው ሥር ደግሞ ውሃ አለ። ቧንቧ የሌላቸው ሰዎች አሸዋውን በአካፋና በእጅ ቆፍረው፣ ተጣርቶ የሚመነጨውን ውሃ በቅል እየጨለፉ ይቀዳሉ። ኤላ ይሉታል። የአዴ ፋጡማ ኤላ ከከተማው ወረድ ብሎ አንድ ግራር ሥር ነበር። ይጠጡታል፣ ልብስ እያጠቡ ይተዳደሩበታል፣ የሦስት ዓመቱ ሙኽታር፣ የዘይነባ ወንድም፣ ራቁቱን ይቦራጨቅበታል።

ትምህርት ቤታችን የጤና አጠባበቅ ማኅበር ነበረው። የሚመሩት መምህር ታደለ ይባላሉ፤ ዝንብ ክፍል ውስጥ ከገባ ትምህርት የሚያቆሙ ሰው። እኔ በጽሕፈቴ ምክንያት ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ቆሻሻ ጉድጓድ ተቆፍሮ እንዲቀበር፣ ጉድጓዱም ከውሃ መቅጃ እንዲርቅ ያስተማሩን ያኔ ነው። ሥዕሉን በቀይና በሰማያዊ እርሳስ አሳምሬ ሠርቼ አሥር ከአሥር አግኝቻለሁ። ለፈተና የማውቀውን ነገር ከደጅ ወጥቼ አውቀው እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። የጽዳት ዘመቻ ታወጀ። ከጠዋቱ ጀምረን ትምህርት ቤቱን፣ ከዚያም ዙሪያውን ያሉትን መንገዶች ጠረግን። ሙቀቱ ይፋጃል፤ በየጥጋጥጉ ከተቃመ ጫት የተጣለው ገራባ፣ የሐብሐብ ልጣጩ፣ የዘይት ቆርቆሮው፣ የጠርሙስ ስባሪው፣ ከሥጋ ቤቶቹ ጓሮ የወጣው አጥንትና ፈርስ፣ አንዲት የሞተች ድመትም ጭምር፣ በሩ ፊት ለፊት ተራራ ሆነ። ተራራውን ከከተማ ውጭ ወዳለው መቅበሪያ የሚወስድልን አንድ ጋሪ ነበር። ሁለቴ ተመላለሰና ፈረሱ አረፋ መድፈቅ ጀመረ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል፤ እንግዳው ዘጠኝ ላይ ይደርሳሉ። መምህር ታደለ እንግዳውን ሊቀበሉ ሲሄዱ "ኃላፊዋ አንቺ ነሽ፤ ስንመለስ ይህ ነገር እንዳይታየኝ" ብለውኛል።

ባለ ጋሪው ግንባሩን በሽርጡ ጠርጎ "ወላሂ ልጄ፣ ከእንግዲህ ሩቅ አይሄድልሽም። የት ልድፋው?" አለኝ።

"ደቻቱ አውርደው" አልኩት።

ዘይነባ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ነበር። "ጥሩነሽ፣ አቦ እዚያ አይሆንም! ከታች ኤላችን አለ።"

"ኤላችሁ የት፣ ይሄ የት! ሩቅ ነው።"

"ጎርፍ ሲመጣስ?"

"ጎርፍ ይወስደዋላ! ይሄ እንግዲህ ሁልጊዜ የሚደረግ ነው።"

"ጎርፍ የትም አይወስደውም። ከእናንተ አንስቶ ለኛ ነው የሚያመጣልን" አለች፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

ልጆቹ ሁሉ ይመለከቱናል። ኃላፊ ተብያለሁ፤ በእኔ ላይ ስትናገር ዝም ብዬ ልቀር አልቻልኩም። "እና እንግዳውን ኤላችሁን አሳይተን እንሸኛቸው?" አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። ወንዶቹ እንዲያውም "ኤላ! ኤላ!" እያሉ ተቀባበሉት። ዘይነባ አንገቷን ደፍታ መጥረጓን ቀጠለች። ጋሪው በሦስት ምልልስ ሁሉንም አሸዋው ላይ ገለበጠው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በራችን ላይ የሣር ሰበዝ አልነበረም። እንግዳው አመሰገኑን፤ ከሁሉ የተሻለ ጽሑፍ ስለ ጽዳት ለሚጽፍ ተማሪም ሽልማት እንደሚሰጥ ተነገረን።

በሳምንቱ ጎርፉ መጣ። ደንገጎ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር እንጂ እኛ ዘንድ ጠብታ አልወረደም። ከሩቅ የሚያጓራ ድምፅ ተሰማ፣ ከወዲያም ከወዲህም ሰው "ጎርፍ! ጎርፍ!" እያለ ከብቱንና ልጁን ከአሸዋው ያወጣ ጀመር። ድልድዩ ላይ ቆመን አየነው። ጭቃ ለብሶ፣ ግንድ ተሸክሞ አለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ጎደለ። በማግሥቱ አሸዋው የተበጠረ ይመስል ነበር፤ የእኛ ክምር ከነበረበት ቦታ አንድ ቅጠል እንኳ የለም። ክፍል ስገባ ለዘይነባ የነገርኳትን ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። "አየሽ?" ነበር ያልኳት።

"አየሁ" አለች።

ከሁለት ቀን በኋላ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ምን ሆንሽ ብላት "ቆርቆሮ" አለችኝ። ጎርፉ የደፈነውን ኤላ ሲቆፍሩ ነው የቆረጣት። ሦስት ቦታ ሞከሩ፤ በሦስቱም ጥቁር የበሰበሰ ገራባና አጥንት ወጣ፣ ውሃውም ሸተተ። ቦኖው ዘንድ ሰልፉ ቀን ሙሉ ነው፤ አዴ ፋጡማ የሰው ልብስ ጥለው መቆም አይችሉም። ሽታው ትንሽ ሲቀንስ ቀድተው መጠጣት ጀምረዋል።

"አፍልታችሁ ጠጡት እንጂ" አልኳት፤ ከደብተሬ ትዝ ብሎኝ።

"በየት እንጨት?" አለችኝ።

እኔ ግን ለሽልማቱ የጻፍኩትን ጽሑፍ የመጨረሻ ገጽ ላነብላት ፈልጌ ደብተሬን አወጣሁ፤ እሷም ሰማችኝ። ጥሩ ነው አለች። የሰዋሰው ስሕተት እንኳ አርማልኛለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞና ማክሰኞ ዘይነባ ቀረች። ረቡዕ ዕለት ጽሑፌን በሰልፍ ላይ አነበብኩ፤ ተጨበጨበልኝ፣ ባለ ወርቅማ ክዳን ብዕር ተሸለምኩ። ክፍል ገብተን ስም ሲጠራ ዘይነባ ጋ ሲደርሱ ከኋላ አንድ ልጅ "ትናንት ወንድሟን ቀበሩ። ሆዱን አሞት ነው" አለ። መምህሩ ከንፈራቸውን መጠጡና ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

ከትምህርት ስንለቀቅ ብቻዬን ሄድኩ። የቀትር አሸዋ በጫማ ሶል ያቃጥላል። ለምን እንደምሄድ አላውቅም ነበር፤ ብዕሩን እሰጣታለሁ ብዬ በኪሴ ይዤአለሁ፣ እንደሱ ያለ የልጅ ሐሳብ። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ሴቶች ተቀምጠዋል። አዴ ፋጡማ ሲያዩኝ ተነሡ። ያን ሁሉ ሐዘን ተሸክመው ለእኔ ለአንዲት ልጅ ተነሡ። አቀፉኝና ጥላው ውስጥ ቦታ ለቀቁልኝ።

"ከሩቅ ነው የመጣሽ፣ በዚህ ፀሐይ" አሉና ከእንስራው በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። "ጠጪ፣ ኢንተላ ቲያ።" ልጄ ማለታቸው ነው።

ኩባያውን ተቀበልኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ከንፈሬ ድረስ አደረስኩት፤ ድመቷ ታየችኝ፣ ፈርሱ፣ ጋሪው ሲገለበጥ። አልቻልኩም። መልሼ መሬት ላይ አስቀመጥኩትና "አልጠማኝም" አልኩ። ላቤ በአገጬ ይንጠባጠብ ነበር፤ ምላሴ ደርቆ ቃሉ እንኳ በቅጡ አልወጣልኝም።

አዴ ፋጡማ ምንም አልገባቸውም። ዘይነባ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ታየኛለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምናልባት ትጠራጠር ነበር። ሆድ ቁርጠት በዚያ ወራት የስንቱን ቤት ልጅ ይወስዳል፤ ማንም ማንንም አይከስም፣ የአላህ ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ሳልጠጣ ሳስቀምጠው በራሴ ላይ መሰከርኩ። ተነሥታ መጣች፣ ኩባያውን ከፊቴ አነሣች፣ ዐይኔን እያየች እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ባዶውን ኩባያ ለእናቷ ሰጥታ ወደ ቤት ገባች። ብዕሩን ከኪሴ አላወጣሁትም።

ዘይነባ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። እናቷ ከዚያ በኋላ አቅም አጡ፤ አጠባው በእሷ ላይ ወደቀ። አንዳንድ ጠዋት ከድልድዩ ላይ ሆኜ አያታለሁ፤ አጎንብሳ ትቆፍራለች። እኔ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። ዓመት ሳይሞላ ወደ ኤረር ሄዱ ሲባል ሰማሁ። ስንብት እንኳ አልደረሰኝም፤ ሊደርሰኝም አይገባም ነበር።

እኔ ተምሬ መምህር ሆንኩ። ምን ላስተምር? ያንኑ። ሠላሳ ዓመት ያንኑ ጉድጓድ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ ሠሌዳ ላይ ስስል ኖርኩ። አንዳንዴ እየተቆጣሁ፣ አንዳንዴ እየለመንኩ። ልጆቹ ያጠናሉ፤ አሥር ከአሥር ያገኛሉ። ከዚያ የሳምቡሳቸውን ወረቀት እያጣጠፉ ድልድዩ ጋ ይደርሱና ወደ ታች ይለቁታል። ገራባው ላይ ፌስታል ተጨመረ፣ ፌስታሉ ላይ የውሃ ጠርሙስ ተጨመረ። በማስተማሬ አንድ ቅጠል የቀነሰ አይመስለኝም። ይህን የምለው ትሕትና ሆኖብኝ አይደለም፤ ተስፋዬ አልቋል።

ቅዳሜ ዕለት ለሜሮን ነገርኳት። ስለ ዘመቻው፣ ስለ ጋሪው፣ ስለ ኤላው፣ ስለ ትንሹ ሙኽታር። ስለ ኩባያው አልነገርኳትም። ጓንቷን አውልቃ ሰማችኝና "ታዲያ እማማ፣ መኪናው ሲቀርብን የት እንድፋው?" አለች። ለማሾፍ አይደለም፤ የምር ነው የጠየቀችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሠሌዳ ላይ ጉድጓድ ስቆፍር በዚህ ከተማ መሬት ላይ አንድ እንኳ አልቆፈርኩም። የማሳያት ቦታ አጣሁ።

ፊቴ ተለዋውጦ መሰለኝ ልጅቱ ደነገጠች። ሮጣ ገብታ በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ "እማማ፣ እንቺ፣ ጠጪ" አለችኝ።

የግንቦት ቀትር ነበር፤ የበረንዳው ቆርቆሮ በሙቀቱ ይንጣጣል።

"አልጠማኝም" አልኳት።