ክሊኒካችን አገውኛ የተማረበት ዓመት

እንጅባራ ባለች አንዲት አነስተኛ ክሊኒክ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ድሬሰር ሆኜ ስቀጠር አገውኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበረን፤ ከሁላችንም ቀድሞ የገባው ድሬሰር። ከገጠር የሚመጣው በሽተኛ አብዛኛው አማርኛ አይሰማም። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ሲያነጋግረው ሕመሙን ከነአጀማመሩ ይነግረዋል። እኛም «ና እስቲ፣ ምን እያለ ነው?» ማለት ስለለመድን አንዲት ቃል እንኳ ለመያዝ አልሞከርንም።

ክረምት ሲገባ ይህ ባልደረባችን በተስቦ ሞተ። ሐዘኑ ገና ሳይወጣልን፣ ዝናብ በሚወርድበት አንድ ከሰዓት፣ ትኩሳት ያቃጠላት ሴት ገብታ ደጃፉ ላይ ወደቀች። አንሥተን አልጋ ላይ አስተኛናት። በሩን እያሳየች አንድ ነገር ደጋግማ ትናገራለች፤ ልትነሣ ትታገላለች። ወደ ቤቷ መሄድ የፈለገች መስሎን «አይዞሽ፣ ተኚ» እያልን ያዝናት። ዘበኛው አስተርጓሚ ፍለጋ ወደ ገበያው ሮጠ። ሰው ይዞ ሲመለስ ሞታለች።

ሲመሽ ባሏ መጣ። ትንሿ ልጃቸው ከአጥራችን ጀርባ ካለው ቤት ተገኘች፤ ዝናቡ ሲበረታባት ባለቤቲቱ አስገብታ እሳት ዳር አስቀምጣት ኖሯል። ልጅ መኖሯን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የክሊኒኩ ኃላፊ የሟቹን ባልደረባችንን ሚስት ለምኖ አስመጣት። ጥቁር እንደለበሰች፣ ጠዋት በሽተኛ ሳይገባ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታስተምረን ጀመር። ኃላፊው ራሱ፣ ዘበኛው፣ ልብስ አጣቢዋ ሳትቀር እንደ ፊደል ቆጣሪ አብረን እንጮኻለን። አነጋገሯ የባሏ ነበር። አንዳንዴ እሱን የሰማሁ እየመሰለኝ ወደ መርፌ ክፍሉ እዞራለሁ።

አንድ ጠዋት «ከማን ጋር መጣሽ?» ብለን ስንጠይቅ አንዲት እናት ልትመልስ የምትችለውን ስታስለምደን፣ አንድ ነገር አለች። ቃሉን አወቅሁት፤ ደጃፉ ላይ የወደቀችው ሴት ስትደጋግመው የነበረው ነው። ልብስ አጣቢዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ምን ማለት ነው እሱ፣ እህቴ?» አልኋት።

«ልጄን ውጭ ትቻታለሁ ማለት ነው። ምነው?»

ኃላፊው ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ግን ሁላችንም ተመልሰን ተቀመጥን። ዓመት ሳይሞላ በሽተኛን በአገውኛ ማነጋገር የማይችል ሰው በክሊኒኩ አልነበረም። አዲስ ተቀጣሪም መጀመሪያ የሚላከው ወደ አስተማሪያችን ሆነ፤ ምክንያቱን የሚነግረው ግን የለም። ዝናብ ሲጥል ከመካከላችን አንዱ ሳይናገር ወጥቶ አጥሩን ዞሮ ያያል። አዲሶቹም ይህንኑ አይተው ለመዱ። አንዱን በስብሶ ሲገባ አግኝቼው «ምን ፈልገህ ነው?» አልሁት።

«እንጃ» አለኝ ጋቢውን እየጨመቀ። «እዚህ ቤት እንዲህ ይደረጋል።»