ማንጎዋ ደህና ናት

በሸዋ ሮቢት ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ ማለት ቆርቆሮው ከላይ ሲንጣጣ እየሰሙ መጋገር ነው። እኛ ግቢ ደግሞ ጥላ የሚባል ነገር አልነበረም። ድሮ የነበረንን ትልቅ ግራር ወንድሞቼ የኪራይ ክፍሎች እንሠራለን ብለው ቆረጡት፤ ክፍሎቹ ግን ሳይሠሩ ቀሩ። አባቴ ሲቆረጥ በረንዳ ላይ ቆመው እያዩ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኛም ዝምታቸውን እንደ መስማማት ቆጠርነው፤ ለኛ የሚመቸንን መቁጠር መቼም አይከብደንም።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ቀን ከማጀቴ ገበያ የማንጎ ችግኝ ይዘው የመጡት። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ቅጠሉን የሚነካውን ሰው ሁሉ እየተቆጡ ነበር አሉ መንገዱን የጨረሱት። ለእናቴም ፓፓያ አምጥተውላት ነበር። እሷ ፓፓያዋን የዕቃ እጣቢ በሚደፋበት በማድ ቤቱ ጓሮ ተከለቻት። እሳቸው ግን ማንጎዋን ግቢው መሐል፣ ግራሩ በነበረበት ቦታ ተከሏት።

«ይቺ ለፍሬ አይደለችም» አሉን። «ፍሬዋን ለፈለገ ትስጥ። እኔ ከሥሯ መስገጃዬን ዘርግቼ ዐስር ልስገድባት።»

ዐስር ማለት የከሰዓት በኋላው ሰላት ነው፤ እኛ አገር ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ የሚሰገድ። መስጊዱ ሩቅ አይደለም፤ የአባቴ ጉልበት ግን ያን ሙቀት ተሸክሞ የሚሄድ አልነበረም። ቤት ውስጥ ሲሰግዱ ላባቸው መስገጃው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ቀና ብለው ቅጠል እያዩ ዐስርን መስገድ።

ውሃ እንደ ልብ አይገኝም። ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። እናቴ በጀሪካኖቿ ላይ ቀልድ አታውቅም። ስለዚህ አባቴ ከማንጎዋ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጡና ውዱእ የሚያደርጉት እዚያ ላይ ሆነ። ከእጃቸው፣ ከፊታቸውና ከእግራቸው የሚወርደው ውሃ ሁሉ በትንሽ ቦይ ወደ ግንዷ ይሄዳል። ከሰላት በፊት ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ሲወጡ እናቴ ወደኛ ዞራ «ይቺ ማንጎ እንኳን እንደናንተ ሰላት አታሳልፍም» ትለን ነበር። እናፍርና እንስቃለን።

ማንጎዋም አደገች። ዶሮ እንዳይጭራት ዙሪያዋን በእሾህ አጠሯት። ትንሽ ቅርንጫፍ ያወጣች ሰሞን ጥላዋ ማንቆርቆሪያውን ብቻ ትሸፍን ነበር። «ማንቆርቆሪያው ጥላ አግኝቷል» አሉ አባቴ። «ቀጥሎ የኔ ተራ ነው።» እንደዚያ ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ባላስታውሰው ይሻለኝ ነበር።

ስኳር በሽታቸው እግራቸውን አቁስሎ አልጋ ላይ የጣላቸው በበጋው መጨረሻ ነው። ሐኪሙ ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው አዘዘ፤ በቁስሉ ላይ ትኩሳት ተጨመረበት። ጎረቤታችን የሆኑት ሼህ ሊጠይቋቸው መጥተው «ውሃ የሚጎዳዎት ከሆነ ተየሙም ያድርጉ፤ አላህ አላጠበበብንም» አሏቸው። ተየሙም በውሃ ፈንታ ንጹህ አፈርን በመዳፍ መታ አድርጎ ፊትንና እጅን ማበስ ነው። አፈሩን በሳህን ማቅረብ የኔ ሥራ ሆነ። ግቢው ውስጥ የምኖረው ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ንጹህ አፈር ከየት ይምጣ? ግቢው በሙሉ የዶሮ ኩስና አመድ ነው። ንጹህ ሆኖ ያገኘሁት በእሾህ የታጠረውን የማንጎዋን ሥር ብቻ ነው። እጄን በእሾሁ መሐል አስገብቼ እዘግንና በሳህን አቀርብላቸዋለሁ። ድርቅ ያለ፣ እንደ ዱቄት የላመ አፈር ነበር። እንዴት ያለ ለተየሙም የተመቸ አፈር አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

ጠዋት ጠዋት አባቴ ትራሳቸው ላይ እንደተደገፉ «ማንጎዋስ?» ይሉኛል።

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሰው እንዴት አደርሽ ሲለኝ ራሴ እየፈለጠኝም ቢሆን ደህና የምለው ዓይነት ደህና ነው። ውሸት መሆኑም አይታወቀኝ። ቀና ብዬ አላየኋትማ። በልጉ ቀርቷል፤ ሞቃት ነፋስ ይነፍሳል፤ የአስፋልቱ አቧራ የሁሉንም ተክል ቅጠል አልብሶታል። የእናቴ ፓፓያ ብቻ እጣቢዋን እየጠጣች ለብቻዋ ትለመልማለች።

አንድ ቀን ዐስር ላይ እንደ ልማዴ ሳህኑን አቀረብኩላቸው። መዳፋቸውን አሳረፉበትና ወደ ፊታቸው ሳያነሱት ቀሩ። አፈሩን በጣቶቻቸው መሐል አሹት።

«ይሄን ከየት ነው የምታመጪው?»

«ከማንጎዋ ሥር ነው አባዬ። አጥር ውስጥ ስለሆነ ንጹህ ነው።»

«ከሥሯ?»

«አዎ።»

ሳህኑን አዩት። «ሰው ውሃ ያጠጣታል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ጠዋት ደህና ናት ያልኳቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ፊታቸውን አበሱ፣ እጃቸውን አበሱና ተቀምጠው መስገድ ጀመሩ። እኔ ወጥቼ ሮጥኩ።

ቅጠሏን ስጨብጠው እጄ ላይ ተንኮሻኮሸ። የእናቴን የወጥ ውሃ ጀሪካን አንስቼ እንዳለ ገለበጥኩባት። እናቴ ልትቆጣኝ ከማድ ቤት ወጣች፤ ስታይ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ከዚያም ተመልሳ ሌላውን ጀሪካን አመጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋትና ማታ አጠጣኋት። ግንዷን በጥፍሬ ብጭረው አረንጓዴ ነገር አልነበረውም። ሆኖም ማጠጣቱን አላቆምኩም።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ስለ ማንጎዋ ጠይቀውኝ አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ስለ እናቴ፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ ስለ ቧንቧው ይጠይቁኛል፤ እዚያ ላይ ያቆማሉ። እውነቱን ልነግራቸው ተዘጋጅቼ እጠብቅ ነበር። እንዳላፍር ብለው እንደተዉኝ ይገባኛል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ አረፉ። ለተዕዚያው፣ ለሐዘን መቀመጫው፣ ድንኳን ሊተክሉ የመጡት የሰፈር ልጆች የመሐሉን ምሰሶ የሚያቆሙበት ቦታ ሲፈልጉ ደረቋን ማንጎ ነቀሏት። ሳጠጣው የሰነበትኩት መሬት ለስላሳ ስለነበር በአንድ እጅ ሲስቧት ወጣች። ምሰሶውን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተከሉት።

ዐስር ሲደርስ ወንዶቹ ከድንኳኑ ሥር ተሰለፉ። ቦታው ሰፊ ጥላ ሆኖ ነበር። አንድ የማላውቀው እንግዳ የአባቴን መስገጃ ከቤት ተቀብሎ ከምሰሶው አጠገብ ዘረጋና ሰገደበት። እኔ ማድ ቤቱ ጓሮ፣ ፓፓያዋ አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆሜ እስኪጨርሱ አየኋቸው።