ቂም በቀይ ቦሎቄ

ለንደን፣ አርችዌይ ሰፈር ውስጥ ፀሐይወርቅን የማያውቅ ሐበሻ ቢገኝ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ምግብ የማይበላ ነው። ሂትሮው ለአውሮፕላን ምግብ በሚያዘጋጅ ኩሽና ውስጥ ከወጣትነቷ ጀምሮ ሠርታለች፤ እስከ ዛሬ የሞላችው ትሪ ቢደረደር ከለንደን ተነሥቶ ቀይ ባሕርን ይሻገራል። ደግ ሴት ናት። ለቅሶ አይቀራት፣ አራስ ጥየቃ አይቀራት፣ የታመመ አለ ሲሏት ሾርባዋን ታቅፋ ባስ እየቀያየረች ባተርሲ ድረስ ትሄዳለች። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ ቂም አትረሳም። የሌላው ሰው ቂም ሲውል ሲያድር ይሻግታል፤ የእሷ እንደ ጠጅ እያደር ይበስላል።

የአሁኑን ቂም የጣደችው ውብነሽ ናት። ውብነሽ ፀሐይወርቅ ያለችበት ሕንፃ ላይ ትኖራለች፤ ሥራዋ ፀጉር መሥራት ነው፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል። አምና አንድ ክርስትና ላይ ፀሐይወርቅ የሠራችውን ምስር ወጥ ጎረሰችና አኝካ ሳትጨርስ፣

«ውይ ፀሐይዬ! ይሄ እኮ የፕሌን ምግብ ነው፤ የጎደለው ቀበቶ ብቻ ነው!» አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይወርቅ ድስት ይዛ በገባች ቁጥር አንዱ ሆዱ ላይ ቀበቶ የሚያስር ይመስላል፤ ሌላው «እኔ መስኮት አጠገብ ነኝ» ይላል። እሷም አብራ ትስቃለች። ስቃ ስቃ ቤቷ ትገባና ጥርሷን ታፋጫለች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያቺ አፍ እዚያው ሰው ፊት እጅ ስትሰጥ ማየት።

ነሐሴ ላይ የሕንፃው ነዋሪዎች ግቢ ወጥተው አብረው ሊበሉ ተስማሙ። አስተባባሪው ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ ጡረታ የወጡ ባስ ነጂ፣ የፀሐይወርቅን በር አንኳኩ።

«ልጄ፣ ፈረንጆቹ ቺሊ ይሁን ብለዋል። ያው ቦሎቄ በቲማቲም ነው። ትልቅ ድስት ያለሽ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«ጋሼ፣ እሱ በሥጋ ነው እኮ የሚሠራው። ፍልሰታ መሆኑን ረሱት እንዴ?»

«ያለ ሥጋ አድርጊዋ! ደግሞ እንግሊዞቹን በቃሪያ እንዳትፈጂብን። ልጆችም አሉ። የእኔን ጨጓራም ታውቂዋለሽ።»

«ሐበሻውስ?»

«ሐበሻ ካላላበው የበላ አይመስለውም። እንግዲህ መላውን ፈልጊ።»

«ውብነሽ ትመጣለች?»

«መብል ካለበት መቼ ቀርታ ታውቃለች?»

ፀሐይወርቅ በሩን ዘግታ ለብቻዋ ፈገግ አለች። ድመት አይጥ ከጉድጓዷ ስትወጣ ስታይ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

ዓርብ ጠዋት ሥራው ተጀመረ። አንድ ድስት ለሁሉም እንዲስማማ ሲፈለግ መላው ድስቱን ሰላማዊ አድርጎ እሳቱን ለብቻ ማቅረብ ነው። ሽንኩርቱን በዘይት እስኪቀላ አቁላላች፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙንና የማያቃጥለውን የፈረንጅ በርበሬ አከለች፤ ከዚያ ቲማቲሙን፣ ከዚያ ቀይ ቦሎቄውን፤ ቦሎቄው በከፊል ፈርሶ መረቁን እስኪያወፍረው ድረስ በዝግታ አንተከተከችው። በመጨረሻ ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት ጣል አደረገች፤ ይህን ያስተማረቻት አንዲት ሜክሲኳዊት የሥራ ባልደረባዋ ናት። ከድስቱ ጎን ለደፋሩ አዋዜ፣ ለጀግናው ሚጥሚጣ አስቀመጠች።

ለውብነሽ ግን ሌላ ጎድጓዳ ሳሕን ተሰናዳላት። ከዚያው ቦሎቄ ጥቂት ጨለፈችና ከሆሎዌይ ገበያ የገዛችውን የጃማይካ ቃሪያ ከነፍሬው ፈጭታ ጨመረችበት። ሚጥሚጣ ደገመችበት። ሰናፍጭ ደረበችበት። ሳሕኑን ያስቀመጠችበት ጠረጴዛ ቀለሙ የለቀቀ መሰላት።

ችግሩ፣ ጾመኛ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምላሷ ላይ ጠብታ አታሳርፍም። ስለዚህ ናዲራን ጠራች። ናዲራ ሙስሊም ጎረቤቷ ናት። በፍልሰታ የፀሐይወርቅ ምላስ ናዲራ ናት፤ በረመዳን ደግሞ የናዲራ ምላስ ፀሐይወርቅ ናት።

«ጨው ጠብ አድርጊበት» አለች ናዲራ ከድስቱ ቀምሳ። «በቃ! ማሻ አላህ። ለአራስም ለእንግሊዝም ይሆናል።»

«ይቺንም ቼክ አድርጊልኝ።»

ናዲራ ሳሕኑን ገና ስታሸተው እንባዋ ዱብ አለ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«የውብነሽ ድርሻ።»

«ወላሂ አልቀምስም! የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።»

ያቺ ሳሕን እንዲህ ሳትቀመስ ወደ ግቢ ወረደች።

ዐሥር ሰዓት ላይ ግቢው ሞላ። ድስቱ ሁሉንም አስታረቀ። እንግሊዞቹ ደገሙ፤ ልጆቹ ሳሕናቸውን ላሱ፤ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጨጓራቸውን እያባበሉ ሠለሱ። ውብነሽ መጣች፤ ከድስቱ ቀመሰች፤ ሰው እየሰማት መሆኑን አረጋገጠችና፣

«ይሄኛውስ ለየትኛው በረራ ነው?» አለች።

ሳቅ ሆነ። ፀሐይወርቅም ይህንን ነበር የምትጠብቀው።

«የአንቺ ለብቻው ነው፣ እህቴ።» ከዚያች ሳሕን በእንጀራ ጠቀለለችና የሕፃን ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ዘረጋችላት። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ሰው እያየ ደግሞ ጭራሽ።

ውብነሽ ጎረሰች። ጆሮዋ ከአርሰናል ማሊያ በላይ ቀላ። ግን እልኸኛ ናት፤ ዋጠችው። ከዚያ በዚያ ረጅም የፀጉር ሠሪ ጣቷ ከዚያው ሳሕን ጠቀለለችና፣

«እንኪ አንቺም፤ ጉርሻ ይመለሳል» አለች።

ፀሐይወርቅ ይህን ሁሉ ስታሰላ ጉርሻ እንደሚመለስ ረስታው ነበር። አፏን ከፈተች። ምላሷ ላይ አንድ ሰው ብረት መበየድ የጀመረ መሰላት።

ሁለቱ ሴቶች እንባቸው እየወረደ ተፋጠጡ። ውሃ ይህን እሳት አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው የወተት ዘር ነው። የወተት ዘር ደግሞ በፍልሰታ የለም። ጠረጴዛው ዳር ግን ናዲራ ለልጆቿ ያመጣችው እርጎ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። የሁለቱም ዓይን አንድ ላይ እዚያ አረፈ፤ አንድ ላይ ተመለሰ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ድገሙት!» ጮኹ ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ ምንም ሳይገባቸው።

ፀሐይወርቅ ሁለተኛውን ጠቀለለች። «ሰምተሻል። አባት ናቸው፣ ቃላቸው አይሰበርም። አፍሽን ክፈቺ።»

ውብነሽ ጉርሻውን አየች፤ ሰውን አየች። ከዚያ ዘልላ እርጎውን ከነዕቃው አነሣችና ማንኪያ ሳትፈልግ ፊቷን ነከረችበት።

አንዲት እናት የልጇን ዓይን በእጇ ሸፈነች። ሕፃን እንኳ በሚጾመው ፍልሰታ!

ፀሐይወርቅ ከንፈሯ አብጦ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እንደ ምሰሶ ቆመች። እርጎውን ዞራም አላየችው። ውብነሽ ቀና ስትል አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነጭ ተለጥፏል፤ ሰዉ ሁሉ አፏን ይጠብቃል።

«እ… እጅሽ ይባረክ» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

ፀሐይወርቅ ምላሷን ፈልጋ አገኘችው።

«አሜን፣ እህቴ። አንቺንም የንስሐ አባትሽ ይፍቱሽ።»

እርጎውን ከእጇ ተቀበለችና ክዳኑን በጥንቃቄ ገጠመችለት።