መቀመጫ የተባለችው አጋሰስ

በ1878 ዓ.ም. ግድም በአልዩ አምባ ገበያ የበቅሎ አዋቂ ነኝ ባይ ሞልቶ ነበር። እውነተኛው አዋቂ ግን ዓወል ነው፤ ይህን የምለው ስለምወደው አይደለም። ጥርስ አይቶ ዕድሜ መናገርማ ለማንም አይከብድም። ዓወል በቅሎዋን አቀበት ያስወጣና ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጥፎ ትንፋሿን ያዳምጣል። የጅማ በቅሎ መልኳም አረማመዷም ያማረ ነው፣ የአንኮበር ቁር ግን ይጥላታል ይላል። የመንዟ ድንክ ናት፣ ገዢ ያፍርባታል፤ ዳገት ላይ ግን አትለግምም። እሱ ከተናገረ ክርክር አበቃ።

አንድ ዓርብ ራሱ አንዲት መልከ መልካም የጅማ በቅሎ ይዞ ከቆላ መጣ። አምስት ዓመት ጨው የተሸከመች አጋሰስ ናት፤ ዓወል ከብት አያያዝ ስለሚያውቅ ጀርባዋ አልቆሰለም። በኬላው ለጭነት የሚውል ከብት ሁሉ ይቀረጣል፣ ሰው የሚቀመጥባት በቅሎ ግን በነጻ ታልፋለች። ጠባቂው ሲጠይቀው ዓወል፣ “መቀመጫዬ ናት” አለ። እንዲህ ብሎ ያላለፈ ነጋዴ ስላልነበረ እንደ ውሸት አልቆጠረውም።

ከቆላ የሚመጡትን በቅሎዎች ሊያይ ኬላው ጋ የቆመ የጎረቤላ ገበሬ፣ ሽማግሌው ወልደተንሣኤ፣ ይህን ሰማ። ሚስቱን አልታየችን እግሯን ያማታል። ልጃቸው ደግሞ ደብረ ብርሃን መውለጃዋ ደርሶ እናቷን ትጠብቃለች። ዓወልን ተከትሎ በቅሎዋን እንዲሸጥለት ለመነው፣ ለማን እንደሆነችም ነገረው። ስለ ጠባይዋ አልጠየቀም፤ በጆሮው የሰማውን ምን ብሎ ይጠይቅ?

ጠባቂው አምስት እርምጃ ላይ ቆሟል። ዓወል ገበያው መሀል ስንደርስ እነግረዋለሁ ብሎ ዝም አለ። ገበያው መሀል ሲደርሱ ደግሞ አፈረ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ግን ከቃሉ ይልቅ ይህን ዝምታ ይቅር ማለት ያቅተኛል። ሽማግሌው መርቆት በቅሎዋን እየሳበ ሄደ።

ለማያውቅ ልንገር። አጋሰስ ጠባብ መንገድ ላይ ተራራውን ተጠግታ አትሄድም። ጭነቷ ከቋጥኙ እንዳይጋጭ ስለለመደች፣ ባዶዋንም ብትሆን የገደሉን አፋፍ ይዛ ነው የምትሄደው። ዓወል ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ማክሰኞ፣ ባልና ሚስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ፣ ከአንኮበር በላይ ዝናብ ያራሰው አፋፍ ከበቅሎዋ እግር ሥር ተናደ። አልታየችን ከገደሉ ሥር ሲያገኟት ነፍሷ ወጥታለች።

ዓወል ለቅሶ ደረሰ። ሰው ሁሉ ቀኗ ደርሶ ነው እያለ ባሏን ያጽናናል፤ እሱን የጠረጠረው አንድም ሰው የለም። ጥቂት ተቀመጠና አልቻለም፤ ተነስቶ ሽማግሌው እግር ሥር ወደቀ።

“አያ ወልደተንሣኤ፣ አላህ ያያል፣ በቅሎዋ አጋሰስ ነበረች። ለኬላው ነው የዋሸሁት።”

ወልደተንሣኤ አልተቆጣም። እጁን ይዞ ሊያነሳው ሞከረ፣ አቅም አጣና ተወው።

“በቅሎዋ አፋፍ አፋፉን ስትሄድባት ፈርታ ልውረድ አለችኝ” አለ። “እኔ ነኝ ‘አይዞሽ፣ ዓወል መቀመጫ ናት ሲል ሰምቻለሁ’ ብዬ የከለከልኳት።”