አርባ ቀኗ አልሞላ ያላት ዓሣ

ባርባ ያክሻ በሕይወታቸው የዋሹት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ የዋሹት በአንዲት ዓሣ ላይ ነው። ይህን የምለው እኔ ዶብሪላ ነኝ፤ በደሴታችን የዓሣ ማሳያ ቤት በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። ሰው ሲዋሽ ከመስኮቴ ሳልነሳ አውቃለሁ። ጢም ያወጣ ጎረምሳ ይዞ መጥቶ “ገና ስድስት ዓመቱ ነው፣ በነጻ ይግባ” ያለኝ አባት አጋጥሞኛል። ባርባ ያክሻ ግን ውሸት አያምርባቸውም፣ ሲዋሹ ጆሯቸው ይቀላል።

በእኛ አገር በዕድሜ የገፋን ወንድ ሁሉ፣ ዘመድ ባይሆንም፣ ባርባ እንለዋለን። እሳቸው ግን ለብዙዎቻችን ዘመድ ነበሩ ማለት ይቻላል። የሚሠሩት ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። ከባሕር የመጣ አዲስ ዓሣ ሁሉ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት እዚያ ለብቻው አርባ ቀን ይቆያል። አሸዋ የለ፣ ድንጋይ የለ፤ ባዶ የመስታወት ገንዳና መደበቂያ የምትሆን የቧንቧ ቁራጭ፣ በቃ። እያንዳንዱ ገንዳ የራሱ መረብና የራሱ ባልዲ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አይዘዋወርም። ባርባ በየጠዋቱ የትናንቱን ቁጥር ከመስታወቱ ላይ በአውራ ጣታቸው ጠርገው የዛሬውን በጠመኔ ይጽፋሉ። መዝገቡ ደግሞ አራት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ በልቷል ወይስ አልበላም፣ ምልክት፣ መድኃኒት። ዓሣው ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ መድኃኒት ይገባል፣ ቆጠራውም ከአንድ ይጀምራል። ሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ላይ ቢሆንም ከአንድ ይጀምራል።

አንድ ቀን ዳይሬክተራችን ሚሊቮይ ከዋና ከተማ የመጡ እንግዶች ይዞ ወደዚያች ክፍል ሊገባ ሲል ባርባ በሩ ላይ ቆሙ።

“አንዴ ብቻ አይተው ይወጣሉ፣ ባርባ።”

“እጃቸውን የት የት እንዳስገቡ በምን አውቃለሁ?”

“ኧረ እኔ ዳይሬክተሩ ነኝ!”

“እሱማ ነህ። አንተም ታጠብ።”

እንግዶቹ ሳቁ፣ ሚሊቮይ ግን አልሳቀም። ባርባም በሩን አልለቀቁም።

እንዲህ ያደረጋቸው የራሳቸው ጥፋት ነው። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ ሚስታቸው ምጥ ላይ ሆና ማዶ ካለችው ከተማ፣ ከስፕሊት፣ ስልክ ሲደወል፣ ዓሣ አጥማጅ ያመጣላቸውን ባልዲ እንዳለ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ገልብጠው ወደ መርከብ ሮጡ። ልጃቸውን ፍራንካን አቅፈው፣ ዓለም የእሳቸው ሆና ተመለሱ። በሦስተኛው ሳምንት ትልቁ ገንዳ ውስጥ አንድም የሚዋኝ ነገር አልነበረም። የሞቱትን በጋሪ እየገፉ አውጥተው ከወይራ ዛፎቹ ሥር ቀበሯቸው። ከዚያ ወዲህ አርባ ማለት አርባ ነው።

ፍራንካ ያደገችው በዚያች ክፍል ነው። ፊደል ሳትቆጥር ነጭ ነጥብ ለየች። ስታድግ ግን እዚህ ለእሷ የሚሆን ሥራ ጠፋ፤ እንደ እኩዮቿ ሁሉ አየርላንድ ገባች፣ ደብሊን ውስጥ ሆቴል ትሠራለች። በዓመት አንዴ፣ በነሐሴ፣ ለሁለት ሳምንት ትመጣለች። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆነ። ባርባ ሁለቱን ሳምንት ለአሥራ ሁለት ወር አብቃቅተው ይኖራሉ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ አባትና ልጅ በጀልባ ወጥተው አንዲት ፒርካ ይዘው መጡ። ፒርካ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ፣ ሆዷ ላይ ሰማያዊ ጥለት ያላት፣ ጭንቅላቷ ላይ አንድ ሰው እስክሪብቶ የሞከረባት የምትመስል ዓሣ ናት። ነገረኛ ናት፤ ሰው ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ ጠጋ ብላ ታያለች። ፍራንካ መስታወቱ ላይ በእጇ “1” ብላ ጻፈች።

“አባዬ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳትለቃት። በጥቅምት መጀመሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ራሴ ነኝ የምለቃት።”

“በአርባው ቀን ከደረስሽ ያንቺ ናት። ካልደረስሽ እኔ እለቃታለሁ።”

“እደርሳለሁ አልኩህ እኮ!”

አርባው ቀን ጥቅምት ሰባት ዋለ። ጥቅምት ስድስት ላይ ፍራንካ ደወለች፤ ሆቴሉ ሰው ጎድሎበት ፈቃዷን ሰርዘውባታል፣ በኅዳር ትመጣለች። በማግስቱ ጠዋት መረቡን ለማቀበል ወደ ኋላዋ ክፍል ስገባ መስታወቱ ላይ ያለው አርባ ሳይሆን አንድ ነው።

“ምነው ባርባ?”

“ነጭ ነጥብ አየሁባት፣ ክንፏ ላይ” አሉኝ። ጆሯቸው ቲማቲም መስሏል።

ባትሪ አብርቼ አየኋት። ፒርካዋም መጥታ አየችኝ። ክንፏ እንደ ታጠበ ብርጭቆ የጠራ ነው። ባትሪዬን አጥፍቼ ወጣሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ልጃቸውን ይጠብቁ፣ ምን ይጎዳል አልኩ በልቤ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኅዳር አሥራ ስድስትም እንዲሁ ሆነ። ፍራንካ ለገና ነው የምመጣው ብላ ነበር፣ ስለዚህ ሌላ ነጭ ነጥብ ተገኘ። እኛ ዘንድ ታኅሣሥ ሃያ አምስት ለሚውለው ገና የእሷን ክፍል ጠርገው፣ አንሶላውን ነፋስ ላይ አስጥተው፣ ጨው ውስጥ ያሳደሩትን ሰርዲን አጥበው ዘይት ውስጥ አስቀመጡ። በዋዜማው ደወለች፤ ሆቴሉ በእንግዳ ተጨናንቋል። እኔ ጎመንና ድንች ይዤላቸው ስሄድ ስልኩን ከዘይቱ ጠርሙስ ጋር አስደግፈው እያወሯት ነበር።

“ዓሣዋስ አባዬ?”

“አሁንም ትንሽ አሟታል። አታስቢ፣ ትጠብቅሻለች።”

“ወይኔ፣ ምስኪን! ታዲያ እኔን እየጠበቀች ነዋ።”

“አንቺን ነው።”

ስልኩ ሲዘጋ ሰርዲኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። “ብይ፣ ይበላሻል” አሉኝ። ከገና ማግስት መስታወቱ ላይ ለአራተኛ ጊዜ አንድ ተጻፈ።

ሚሊቮይ በጥር ወር ዓሣዋን ረስቶ ስለነበር የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አንድ ጠዋት፣ ቡራ የምንለው ቀዝቃዛ ነፋስ መስኮቱን ሲያንቀጠቅጥ፣ ወለል ልወለውል ገብቼ አየኋት። እንደ ወትሮው ጠጋ አላለችም። ገንዳው ጥግ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ትላለች፤ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ እየፈተገች ላጥ አድርጋዋለች፤ ቀይ ሥጋ ይታያል። አምስት ወር ሙሉ ባዶ መስታወት ውስጥ፣ አንዲት የቧንቧ ቁራጭ ይዛ! ደሜ ፈላ።

“ባርባ!” ብዬ ጮህኩ። “ይምጡና ይህን ይዩ። ያ ነጭ ነጥብዎ የታለ? እኔ እኮ ዓይን አለኝ! ልጅዎ መጣች አልመጣች፣ ይቺ ፍጡር ምን አደረገችዎ?”

መጥተው አጎንብሰው አዩ። ብዙ አዩ። ከዚያ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበት።

“ናፈቀችኝ፣ ዶብሪላ” አሉ። “ቤት ስገባ የማወራው ከራዲዮ ጋር ነው። ዓሣዋ ከወጣች ምን ብዬ ነው ነይ የምላት?”

እኔም ባልዲ ገልብጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ባርባ የድሮው ባርባ ሆኑ። መስታወቱን ከውጭ በጥቁር ወረቀት ሸፈኑላት፣ ሁለተኛ ቧንቧ ጨመሩላት፣ ውኃዋን ቶሎ ቶሎ ለወጡላት፣ መድኃኒቱን በጠብታ እየለኩ ሰጧት። መዝገቡ ላይ “አፍንጫዋ ቆስሏል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው” ብለው ጻፉ። ከአንድ ጀመሩ፤ ይህኛው አንድ እውነተኛ ነው። በሃያኛው ቀን ቁስሉ ደረቀ። በሠላሳኛው ከእጃቸው ሽሪምፕ ነጠቀች። እንዲያ ሲስቁ ካየኋቸው ዘመን ሆኖኝ ነበር።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የፍራንካ ድምፅ እስከ ኮሪደር ይሰማል።

“አባዬ! ፈቃድ አገኘሁ! ቅዳሜ እዚያ ነኝ! ትኬት ቆርጫለሁ!”

ባርባ ጠመኔውን እንደያዙ ግድግዳውን ተደገፉ። ቅዳሜ አርባ ሦስተኛው ቀን ነው።

“ሦስት ቀን ብቻ አቆይልኝ። ስድስት ወር የጠበቀች ሦስት ቀን ምን አላት? በእጄ ልልቀቃት፣ እባክህ።”

ወደ እኔ አዩ። ብታስምሉኝ እምላለሁ፣ እኔ ራሴ እሺ በሏት ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

“አይሆንም፣ ልጄ” አሉ። “ከነገ ወዲያ ቀኗ ይሞላል። አንቺ ነይ፣ ገንዳው ውስጥ ታያታለሽ።”

በአርባኛው ቀን ባልዲ ውስጥ አድርገው፣ የትልቁን ገንዳ ውኃ በኩባያ ቀስ በቀስ እየጨመሩ አለማመዷት። ከዚያ ባልዲውን አዘነበሉና “ሂጂ እንግዲህ” አሏት። ድንጋይ ሥር ገባች። ጥቂት ቆይታ ጭንቅላቷን አውጥታ አየችን፣ ተመልሳ ገባች። ባርባ ፊታቸውን በክንዳቸው ጠርገው ባልዲ ሊያጥቡ ሄዱ።

ፍራንካ ቅዳሜ መጣች። ከመርከብ ወርዳ ቤት እንኳ ሳትገባ ወደዚያች ክፍል ነው የሄደችው፤ እንደለመደችው እስከ ክርኗ ታጠበች። አባቷ ወጥ ቤት የዓሣ ምግብ እየከተፉ ነበር። እሷ ባዶውን ገንዳ ዳበስ አደረገችና መዝገቡን ገለጠች። አጠገቧ ቆሜ ሳያት ገጹን ወደኋላ መለሰች፣ እንደገና ወደፊት፣ እንደገና ወደኋላ።

“አክስቴ” አለችኝ፣ “መድኃኒቱ የታለ?”

“የቱ?”

“ነጭ ነጥብ ይላል፤ ጥቅምት ሰባት፣ ኅዳር አሥራ ስድስት፣ ታኅሣሥ ሃያ ስድስት። መድኃኒት የሚለው ዓምድ ባዶ ነው። አባዬ መድኃኒት ሰጥቶ ሳይጽፍ ቀርቶ አያውቅም፤ ጠብታ ነው የሚቆጥረው።”

ጣቷ ሦስቱ ቀኖች ላይ ቆመ። ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

“አልመጣም ካልኩ በኋላ ነው ሁሉም” አለች። “እኔ ደግሞ ዓሣዋ በታመመች ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፣ ጊዜ አገኘሁ እያልኩ።”

መዝገቡ ላይ አለቀሰች። ባርባ ሳህን ይዘው በር ላይ ደረሱ፤ መዝገቡን አዩ፣ እሷን አዩ። ጆሯቸው ቀላ። “ፒርካዋን አየሻት ወይ?” ብቻ አሏት። እጇን ይዘው ወደ ትልቁ ገንዳ ወሰዷት።

አምስት ቀን ቆየች። አምስቱንም ቀን አባትና ልጅ አብረው ባልዲ አጠቡ፣ አብረው በሉ፤ ራዲዮው አልተከፈተም። በስድስተኛው ጠዋት ወደብ ላይ ሸኘናት። መኪኖቹ ወደ መርከቡ ሆድ ገብተው ሲያልቁ ፍራንካ ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

“አባዬ፣ ልደውልና አሞኛል ልበላቸው። ሁለት ሳምንት ልሁን። ማን ያውቃል?”

የባርባ ፊት በራ። እንዲህ ሲበራ አይቼው አላውቅም። እጃቸው ሻንጣው ላይ አረፈ፣ ሊያነሡት፣ ወደ ቤት ሊወስዱት።

“ምንሽን ነው ያመመሽ?” አሏት።

“ምንም። እንዲያው…”

“ምልክት ሳይኖር አይጻፍም።” ሻንጣውን አንሥተው ለእሷ ሰጧት፣ ግንባሯን ሳሟት። “ሂጂ እንግዲህ።”

መርከቡ ከወደቡ ጫፍ ካለው ድንጋይ ወዲያ እስኪዞር ድረስ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። እኔ እንደ ልማዴ አላስችል ብሎኝ፣ “ምናለ እንድትቆይ ቢተዉአት? ልቧ ፈቅዶ ነበር እኮ!” አልኳቸው።

“የዚያችን ዓሣ አፍንጫ አይተሻል አይደል?” አሉኝና ወደ ሥራ ሄድን።

በማግስቱ ጠዋት ያችን የኋላ ክፍል ልወለውል ገባሁ። የፒርካዋ ገንዳ ታጥቦ ደርቋል፣ ውኃ እንኳ የለበትም፤ መስታወቱ ላይ ግን በጠመኔ “1” ተጽፏል። አልጠየቅኳቸውም። ስወለውል ያን ቁጥር እንዳልነካው እጠነቀቃለሁ። ዛሬ፣ ፍራንካ ከሄደች በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ሃያ ስድስት ይላል።