የሺጌሩ ሳህን

ኪኑዮ ለእንግዳ የምትለው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቃል አትጨምርም፣ አትቀንስም። «ሳህኑን ከፍ አድርገው በእጅዎ ይያዙ። አያማስሉት፣ ይጓጉላል። አፍዎን ጠርዙ ላይ አድርገው ሳብ ያድርጉ፤ ድምፅ ቢያሰማ እዚህ ነውር አይደለም።» ይህን ብላ ቻጋዩውን በሁለት እጇ ታቀርባለች። ቻጋዩ ሩዝ ነው፤ በተቆላ የሻይ ቅጠል ውሃ ፈልቶ እንደ ሾርባ ቀጠን የሚል፣ በጨው የተቀመጠ አትክልት የሚቀርብለት። በእኛ በዮሺኖ ተራራ የድሃ ቁርስ ነበር። ሩዝ ሲያጥር ሻዩ ይበዛል፣ ሰው ሲጨመር ውሃ ይጨመራል። ዛሬ የከተማ ሰው ጠመዝማዛውን መንገድ በመኪና ወጥቶ፣ ኪኑዮ ቤት ከፍሎ ይበላዋል፤ ጉድ ነው።

«የትናንቷ እንግዳሽ ስኳር ጠየቀች አሉ» አለቻት ጎረቤቷ ቶሚኤ፣ በሳቅ እየፈረሰች።

«ሰጠኋት።»

«ሰጠሻት? ጌንዞ ይህን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ ይመጣ ነበር።»

ኪኑዮ አልሳቀችም። ቶሚኤም ያልሆነ ነገር መናገሯ ገብቷት ሻይዋን ፉት አለች።

በእኛ መንደር አስከሬን ከቤት ሲወጣ፣ ሟቹ ሲበላበት የኖረው ጎድጓዳ ሳህን ደጃፍ ላይ ይሰበራል። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ማዕድ የለህም፤ ወደ ኋላ ሳታይ በሰላም ሂድ» ማለት ነው። የኪኑዮ ባል ጌንዞ የሞተ ጊዜ ሳህኑን ይዛ የወጣችው ራሷ ነበረች። የአባትና የልጅ ሳህን ከአንድ ሸክላ ሠሪ የተገዙ ናቸው፤ ሁለቱም ሰማያዊ፣ ለማያውቅ ሰው አንድ ዓይነት። የጌንዞ ግን ግርጌው ሸረፍ ያለ ነው፤ በጣት ዳበስ ሲያደርጉት ይታወቃል። የዚያን ቀን አልዳበሰችውም። የደጃፉ ድንጋይ ላይ ወረወረችው። አንድ ልጇ ሺጌሩ የአባቱን ፎቶ ታቅፎ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ከስብርባሪው መሀል ግርጌው ተገልብጦ ወድቋል፤ ሽርፍ የለበትም። የተሰበረው የሺጌሩ ሳህን ነው።

ሺጌሩ ከሥርዓቱ መልስ እህል ሳይቀምስ ወደ ኦሳካ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ዘር ከልጓም ይስባል፤ አባትየውም ኩርፊያ ከጀመረ የሚመልሰው አልነበረም።

«ተሳስቼ ነው» ትላለች ኪኑዮ ለራሷ። እውነትም ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር። ግን ሺጌሩ ከአባቱ ጋር ተኳርፎ ሳይጠይቀው ኖሮ፣ የደረሰው ጌንዞ «ልጄ መጣ ወይ?» እያለ ካሸለበ በኋላ ነው። ያን ለት አንጀቷ አርሮ ነበር። የተሳሳተው እጇ ይሁን ልቧ እሷም አታውቅም። ልትደውልለት ስልኩን ታነሳና የምትለውን አጥታ ትመልሰዋለች። የጌንዞን ሳህንም መስበር አልሆነላትም፤ ቁምሳጥን ውስጥ ከጨርቅ ስር ደበቀችው።

ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ በማታውቀው ሰው ስም ለሁለት እንግዶች ቦታ ተያዘ። የጠዋት እንግዶቿን ሸኝታ፣ የሚፈላውን ሩዝ አረፋ ስትገፍፍ በሩ ተንኳኳ። የሺጌሩ ሚስት ማዮ ናት። ከኋላዋ፣ ሳህኑ የተሰበረበት ድንጋይ አጠገብ፣ ሺጌሩ ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል።

«ይቅርታ እማማ፣ በጓደኛዬ ስም ያስያዝኩት እኔ ነኝ» አለች ማዮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በእንግድነት ካልሆነ አልመጣም ብሎኝ ነው።»

«ግቡ» አለች ኪኑዮ። 

ማድ ቤት ጭልፋዋን ይዛ ቆመች። በምን ትስጠው? የእንግዶቹ የእንጨት ሳህኖች አሉ፤ በነሱ ብትሰጠው ልጇን ባዳ ማድረጓ ነው። የራሱ የለም። ሩዙ ውሃውን እየጠጣ መወፈር ሲጀምር ጨርቁን ገልጣ የጌንዞን ሳህን አወጣች።

ሺጌሩ ተቀብሎ ግርጌውን በአውራ ጣቱ ዳበሰና መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄ የአባባ ነው።»

«አዎ።»

«የሞተ ሰው ሳህን ነው፣ እማዬ። የኔስ?»

«ተሳስቼ ነው ልጄ። እንባው ዓይኔን...»

«ይሁን፣ ተሳስተሽ ነው። ሸክላ ሠሪው እኮ እታች ድልድዩ ጋ አሁንም አለ፤ ስንመጣ አየሁት። አንድ ሳህን መግዛት ይህን ያህል ይከብዳል?»

ማዮ ክንዱን ያዝ አደረገችው። ኪኑዮ ገበያ በሄደች ቁጥር በዚያ ደጅ ታልፋለች። ይመጣል ብላ ብታምን ኖሮ ትገዛ ነበር፤ ይምጣ ብላ ብትፈልግ ኖሮም ትገዛ ነበር። የትኛው እንደጎደላት ራሷን ጠየቀች፣ አፈረችም።

«በእንግዳ ሳህን ስጪኝ» አለ ሺጌሩ። «እርቦኛል።»

በሁለት የእንጨት ሳህኖች ቀድታ መጣችና ተንበርክካ አቀረበች። አንድ ነገር ማለት ነበረባት። አፏ የለመደውን ያዘ።

«ሳህኑን ከፍ አድርገው በእጅዎ ይያዙ። አያማስሉት፣ ይጓጉላል...» አለችና ተወችው። ማዮ አንገቷን ደፋች።

«አውቃለሁ» አለ ሺጌሩ። «እዚሁ ቤት ነው የተማርኩት።»

አፉን ጠርዙ ላይ አድርጎ፣ ድምፅ እያሰማ፣ ጠብታ ሳያስቀር ጨረሰው። ልጨምርልህ ብትለው እሺ ይል እንደሆነ አላወቀችም፤ አላለችውም። ሲወጣ እንደማንኛውም እንግዳ ጎንበስ ብሎ አመሰገናት።

የመኪናው ድምፅ ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪጠፋ ደጃፍ ላይ ቆመች። ከዚያ ገብታ ሳህኖቹን ከጠዋት እንግዶች ሳህኖች ጋር አንድ ላይ ነከረች፤ አጠበች፣ በጨርቅ አደረቀች፣ ደረደረች። እጇን ከመደርደሪያው ሳታነሳ ነበር ትዝ ያላት፤ ሺጌሩ የበላበትን ለይታ ልታስቀምጠው ይገባ ነበር። የላይኛውን አነሳች፣ ቀጥሎ ያለውን አነሳች፣ ግርጌያቸውን አንድ በአንድ በጣቷ ዳበሰች። ሁሉም አንድ ናቸው።